የመመረቂያ ጽሑፌ ሥራ ላይ ሲውል

ሐኪም ተመርቆ አገሩ ሲገባ ሰፈሩ ሕመሙን ይዞ ይጠብቀዋል። መሐንዲስ ሲመረቅ የአጎቱን አጥር እንዲያይ ይጠራል። በክሪሚኖሎጂ ተመርቆ ደባርቅ የገባ ሰው ግን ምን ይደረግለት? ከአውቶቡስ በወረድኩ ዕለት አክስቴ አገላብጣ ስማኝ ስታበቃ፣ ፖሊስ ሆንክ ወይ አለችኝ። አልሆንኩም። ዳኛስ? እሱም አይደለሁም። ጠበቃ? አይ። ትንሽ አሰበችና፣ በል ታጠብና ብላ አለችኝ።

የኔ ሙያ ሰው ለምን እንደሚሰርቅ ማወቅ ነው። ችግሩ፣ ደባርቅ ላይ ይህን የማያውቅ ሰው አላገኘሁም። ማረሚያ ቤት ሄጄ ብጠይቅ ቦታ የለም አሉኝ፤ ለሠራተኛ ማለታቸው ነው።

በመጨረሻ ወይዘሮ የሺ የተባሉ ባለ ሆቴል የጥበቃ ኃላፊ እንደሚፈልጉ ሰማሁ። ኃላፊው የሚመራው ራሱን ብቻ ነው፤ ቢሆንም ኃላፊ ነው። ሄድኩ፣ ወደዱኝ፣ ዋስ ይዘህ ና አሉኝ።

ቤት ያላቸውን ዘመዶቼን ሁሉ ዞርኩ። አጎቴ የሌባን ዘዴ ሁሉ ተምሮ ለመጣ ሰው እንዴት ብዬ እፈርማለሁ አለኝ። እሺ ያሉኝ ጋሽ ደምለው ብቻ ናቸው። ጋሽ ደምለው ከሳንቃ በር አካባቢ የሰው በቅሎ እየነዱ ዛሪማ ገበያ በመሸጥ የታወቁ፣ ፍርዳቸውን ጨርሰው የወጡ ሰው ናቸው። የመመረቂያ ጽሑፌን የሠራሁት በእሳቸው ላይ ነው። ስለ ስርቆታቸው ስጠይቃቸው አንቱ ብዬ ነበር፤ ያችን አልረሱልኝም።

ኮታቸውን ለብሰው አብረውኝ መጡ። ወይዘሮ የሺ ገና ሲያዩዋቸው ፊታቸው ተለወጠ፤ ዋስህ እኚህ ናቸው ወይ አሉኝ። ሥራው ከእጄ ሊያመልጥ ነው። የአክስቴን እንጀራ ሥራ ፈት ሆኜ መብላት ደግሞ አንገቴን አስደፍቶኛል። ስለዚህ እውቀቴን አወጣሁት። ከእስር የወጣ ሰው ተመልሶ የሚሰርቀው የሚቀጥረው ሲያጣ መሆኑን፣ እምነት የተጣለበት ሰው እምነቱን እንደ ዓይኑ ብሌን እንደሚጠብቅ፣ የጥናቴም ምክረ ሐሳብ ይኸው መሆኑን አስረዳሁ። ይህንኑ ዩኒቨርሲቲ ሳቀርብ መምህራኑ ያዛጉ ነበር። ወይዘሮ የሺ ግን ዓይናቸውን ከእኔ ላይ አልነቀሉም።

ስጨርስ ወደ ጋሽ ደምለው ዞሩና፣ ሰኞ መጀመር ይችላሉ ወይ አሏቸው።

በዚህች አገር ስንቱ ምክረ ሐሳብ መደርደሪያ ላይ አቧራ ሲለብስ የኔ ለወይዘሮ የሺ በቀረበበት ዕለት ሥራ ላይ ዋለ። ተናደድኩ፤ እንዴት አልናደድ? ግን ልክ ነህ ያለኝን ሰው ተሳስተሃል ልበለው?

ጋሽ ደምለው ኮታቸውን እያስተካከሉ፣ ይቅርታ ልጄ፣ አንተው ነህ ያሳመንካቸው አሉኝ። ወይዘሮ የሺ ግን ደንብ ደንብ ነው፣ ለእሳቸውም ዋስ ያስፈልጋል አሉና ሁለቱም እኔን አዩኝ። ቤት የለኝ፣ ደመወዝ የለኝ አልኩ። ወይዘሮ የሺም፣ እምነት የተጣለበት ሰው እምነቱን ይጠብቃል ያልከው አንተ አይደለህም ወይ አሉኝ።

ማታ አክስቴ፣ ታዲያ ምን ሆንክ አለችኝ።

ዋስ፣ አልኳት።