የቢጫ ለባሾቹ ጠበቃ

በዚህ ዓለም ላይ ደመወዝም አበልም ምስጋናም ሳይጠይቅ ቀን ከሌት የሚሟገትለት ጠበቃ ያለው የእግር ኳስ ክለብ ብቻ ነው። ሰው ለእናቱ ልጅ ዋስ ለመሆን እንኳ ሁለት ጊዜ ያስባል። ለክለቡ ሲሆን ግን ዓይኑን ጨፍኖ ይፈርማል። ክለቡ ቢሸነፍ ጥፋተኛው ዳኛው ነው፤ ቢከሰስ የምቀኛ ሥራ ነው። ግብር ቢሰውርስ? እሱን ለባለሙያው እንተወው።

ባለሙያው ጎረቤቴ ነው። የምንሠራው አንድ ልብስ ስፌት ቤት ውስጥ ሲሆን የእሱ የስፌት መኪና መስኮቱ ሥር፣ የእኔ ግድግዳው ጥግ፣ መካከላችን ደግሞ የሸሚዝ ቁልፍ የምትተክለው ሴትዮ ናት። እጁ ሱሪ ሰፊ ነው፤ አፉ ግን ሌላ ሙያ ስላለው ሁላችንም «ክቡር ጠበቃ» ነው የምንለው። የቢጫ ለባሾቹ ደጋፊ ነው። እኔ፣ ፈጣሪ ይመስገን፣ የወይን ጠጅ ለባሾቹ ነኝ።

ክቡር ጠበቃ የሚከራከረው ስፒል በከንፈሩ ነክሶ ነው። አንድ ሰሞን ክለቡ ለተጫዋቾቹ ግማሹን ደመወዝ ለእግራቸው፣ ግማሹን ደግሞ «ለፎቶግራፋቸው» ብሎ ሩቅ ደሴት ላይ ላለ ድርጅት እንደሚከፍል ተወራ። ደሴቱ ላይ ኳስ የለም፣ ሜዳ የለም፣ ከሁሉም በላይ ግብር የለም። የድርጅቱ ንብረት አንዲት የፖስታ ሣጥን ናት።

«ታዲያስ?» አለ ጠበቃው በስፒሎቹ መካከል። «ፊቱ የራሱ የተጫዋቹ አይደለም? የትም ቢያስቀምጠው ግብር ሰብሳቢውን ምን አገባው?»

«ፖስታ ሣጥን ውስጥ?»

«ሕጉን አንብበኸዋል?»

እዚች ላይ ሁልጊዜ እሸነፋለሁ። አላነበብኩትማ። እሱም አላነበበውም፤ ግን ቀድሞ የጠየቀው እሱ ነው።

ቀጥሎ ክለቡ ስታዲየሙን ለራሱ ለፕሬዚዳንቱ ድርጅት ሸጠ ተባለ። «ከግራ ኪስ ወደ ቀኝ ኪስ» አለች ቁልፍ ተካይዋ ቀና ሳትል። ጠበቃው ምን ይላል? «አንቺ፣ ሱሪ ሁለት ኪስ የሚሰፋለት ለምን ይመስልሻል?» የክለቡ ሂሳብ መርማሪ የፕሬዚዳንቱ አማች ሆኖ ሲገኝ ደግሞ፣ «የቤቱን ገመና ከዘመድ በላይ ማን ያውቃል? ባዳ ምኑን ይመረምራል?» አለ። አንድ ደንበኛ ወገቡን እየተለካ «ቢጫዎቹ እኮ ሌቦች ናቸው» ብሎ አፉ አመለጠው። የዚያ ሰውዬ ሱሪ ጠቦ ወጣ። ጠበቃው ግን ሰውየው ነው የወፈረው ብሎ ፈረደ፤ ይግባኝ የለም።

የሚያናድደኝ፣ ይኸው ሰው በራሱ ጉዳይ ላይ ከመርፌ የቀና መሆኑ ነው። ከደንበኛ ጨርቅ መዳፍ የምታህል ቁራጭ ብትተርፈው አጣጥፎ ከሱሪው ጋር ይመልሳታል። «ምን ላድርጋት?» ሲሉት «እኔ ምን አውቄ፣ የእርስዎ ናት» ይላል። እንዲህ ያለ ሰው ለዚያ ፕሬዚዳንት አፉን ማከራየቱ ያንገበግበኝ ነበር።

ከዚያ አንድ ከሰዓት በኋላ ሬዲዮው የፕሬዚዳንቱን ድምፅ አሰማን። ሰውየው ሁሉንም አምኗል፤ ደሴቱንም፣ ስታዲየሙንም። «ይህን ያህል ዘመን እንዴት ጠያቂ አጡ?» ሲሉት ዘና ብሎ፣ «የእኛ ደጋፊ ውጤት እንጂ ሂሳብ አይጠይቅም» አለ። ሲስቅም ተሰማ።

ጠበቃው ስፒሎቹን አንድ በአንድ ከከንፈሩ አወጣና ሥራውን ቀጠለ።

ለዚህች ቀን ስንት ዓመት ስንቅ ስቋጥር ኖሬያለሁ። ያዘጋጀሁት ተረብ ሠርግ ያደምቅ ነበር። ዞር ብዬ ፊቱን ሳየው ግን ተመልሼ መኪናዬን መርገጥ ጀመርኩ። ሳምንት አለፈ። ጠበቃው ጨዋታ ባለበት ቀን ስለ ዝናብ ያወራ ጀመር። ቤቱ የልብስ ስፌት ሳይሆን የለቅሶ ቤት መሰለ።

«አንተ፣ አንድ ነገር በለው እንጂ» አለችኝ ቁልፍ ተካይዋ ሲወጣ ጠብቃ። «ይሄ ሰው እንዲሁ ሆኖ ሊቀር ነው።»

«ምን ልበለው?»

«ስድብህን ነዋ። ካንተ ሌላ ማን አለው?»

ስድቡን ስፈልግ አንድ ወጣት ሱሪ ሊያሳጥር መጣ። ጠበቃው እግሩ ሥር ተንበርክኮ ሲለካው፣ ልጁ ከላይ ሆኖ፣ «ጋሼ፣ እርስዎ የነዚያ ሌቦች ደጋፊ አይደሉም እንዴ?» አለው።

«ነበርኩ» አለ ጠበቃው።

አባቱ ትከሻ ላይ ሆኖ የመጀመሪያዋን ጎል ያየ ሰው ክለቡን ሊተው ነው። እኔስ ከማን ጋር ልጣላ? ከዚህ በኋላ ያደረግኩትን ወይን ጠጅ ወገኖቼ አይስሙብኝ። ተነሳሁና ልጁን «ሕጉን አንብበኸዋል?» አልኩት። «ደሴትስ ቢሆን አገር አይደለም? ብልህ ክለብ ሀብቱን በየቦታው ያስቀምጣል። ግብርማ ሞኝ ነው የሚከፍለው።»

ጠበቃው ከተንበረከከበት ቀና ብሎ አየኝ።

«ዝም በል አንተ» አለኝ። «ሌብነት ነው። ግብሩ የትምህርት ቤት ነው፣ የሐኪም ቤት ነው።» ከዚያ ወደ ልጁ ዞረ። «ክለቡን ግን ሌባ አትበለው ልጄ። ክለቡ አልሰረቀም፤ ተሰረቀ። እኔ ደግሞ ለሌቦቹ በር ላይ ቆሜ ስጠብቅላቸው ነበር።»

ቁልፍ ተካይዋ መርፌዋን አስቀመጠች።

«እሁድ የክለቡ ጠቅላላ ጉባኤ አለ» አለ ጠበቃው። «ሂሳብ እጠይቃለሁ።»

«ብቻህን?» አልኩት።

«ታዲያ ማን ይመጣልኛል?»

እሁድ የጉባኤው አዳራሽ በር ለእንግዳ የሚከፈተው ቢጫ ስካርፍ አንገቱ ላይ ላደረገ ብቻ ነበር። አደረግኩት። አባቴ ቢያየኝ ከውርስ ይነቅለኝ ነበር። የመጨረሻው ረድፍ ላይ አንገቴን ቀብሬ ተቀመጥኩ።

ተራው ሲደርስ ጠበቃው ተነሳ። ሜትሩን አንገቱ ላይ ረስቶት መጥቷል። «እኔ ሱሪ ሰፊ ነኝ» አለ፤ ያ ቤት ሙሉ ሰው የሚረታ ድምፁ ቀጥኖ። «ስታዲየማችን ለማን እንደተሸጠ፣ ማን እንደፈረመ ይነበብልን። መርማሪውም የማንም አማች ያልሆነ ሰው ይሁን። ሌላ ምንም አልጠይቅም።»

ጥቂት ሰው አጨበጨበ። ከፊት ረድፍ ግን ጉርምርምታ ተነሳ፤ «ቁጭ በል» የሚለው በዛ፤ አንዱ ተነስቶ ጣቱን ቀሰረበት።

«አንተ ለመሆኑ የማን ደጋፊ ነህ?»

ያ ለመልስ ሰንፎ የማያውቅ ሰው የሚያውቀው ፊት ፍለጋ ወደ ኋላ ዞረ።

ተነሳሁ።

«የእኛ ነው» አልኩ።

ወይን ጠጆቼ ይቅር ይበሉኝ፤ አልዋሸሁም።