ግድግዳ የሚያዳምጡት ጎረቤቴ

በየሰፈሩ እንዲህ ያለ ሰው አይጠፋም፤ ቤት ሲገባ ከባለቤቱ በፊት ግድግዳውን ሰላም የሚል። የእኛ ሰፈሩ "ሊቀ ነፋስ" ይባላሉ። ስሙን ያወጣላቸው ጎረቤቱ ነው፤ እሳቸውም እንደ ሹመት ተቀብለውታል። ጡረታ ከወጡ ወዲህ ሥራቸው አንድ ብቻ ነው፦ የማን ቤት ምን ያህል የብርድ መከላከያ ስፖንጅ እንደሚያስፈልገው መገመት። የጠራቸው ባይኖርም።

አገማመታቸው ያስፈራል። መጀመሪያ ሁሉንም ዝም ያሰኛሉ። ከዚያ ጉንጫቸውን ግድግዳው ላይ ለጥፈው ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። የክር ጫፍ ለኩሰው ጭሱ ወዴት እንደሚያዘነብል ይከተላሉ፤ ጭሱም አንድ ሰው ከውጭ የጠራው ይመስል በበሩ ሥር ሾልኮ ይሄዳል። በመጨረሻ ጣቶቻቸውን ደርድረው ይፈርዳሉ። "ጣሪያው አንድ ስንዝር፣ ግድግዳው ስድስት ጣት! ይሄ ቤት እኮ ይተነፍሳል!" ስድስት ጣት ያላዘዙለት ግድግዳ የለም። የልብስ ሰፊዋ የዶሮ ቤት እንኳ አልቀረም።

ልብስ ሰፊዋን አንድ ቀን፣ ማንም ሳይነግራቸው፣ "ስትሰፊ የሚበርድሽ ግራ እግርሽን ነው" አሏት። ሴትየዋ ክው አለች።

"እርስዎ ሰው ነዎት ወይስ ሌላ ነገር?"

"ሰውስ ሰው ነኝ፤ በግራሽ ያለው መስኮት ግን አልተደፈነም።"

እኔና ክቡርነታቸው የምንኖረው በአንድ ጣሪያ ሥር ነው። ቤቱ በኮምፔንሳቶ ለሁለት ተከፍሎ ግማሹ የእሳቸው፣ ግማሹ የእኔ ሆኗል። ሰው ስለማፍር ከሰላምታ አልፈን አናውቅም።

ዘንድሮ ብርዱ ሲገባ ያንን መለያያ ግድግዳ ስወለውል እጄን ሞቀኝ። ሌላው ሁሉ እንደ በረዶ ቀዝቅዞ፣ ከወገቤ ዝቅ ብሎ ትራስ የሚያህል ቦታ ብቻ እንደ ሰው ገላ ይሞቃል። ጠዋት ጠዋት ሬሳ ነው፤ የሚሞቀው ከሰዓት በኋላ፣ እኔ ጋዜጣ ሳነብ ነው። ትምህርቴ ትንሽ ስለሆነ ድምፅ ካላወጣሁ የማነበው አይገባኝም። አሳዛኝ ወሬ ላይ ስደርስ ግድግዳው በረጅሙ ይተነፍሳል። አንዴ ሰልችቶኝ ገጽ ብዘል አጉረመረመ።

ለማንም ትንፍሽ አላልኩም። ልጄ ብትሰማ "እናቴ ጃጀች" ብላ ወደ እሷ ቤት ትወስደኛለች። ድሮም ሰበብ ስትፈልግ ነው። "እማዬ፣ ብርዱ ይገድልሻል። ወይ ይሄ ቤት ይደፈን፣ ወይ እኔ ጋ ነይ" ትለኛለች። እኔ ደግሞ እዚህ ቤት የእያንዳንዱን ሳንቃ ድምፅ አውቃለሁ፤ ሌላ ቦታ መኖር አልችልበትም።

ባለፈው ሳምንት ከሰዓት በኋላ፣ ጋዜጣዬን እያነበብኩ ሳለ መጣች። ወዲያው የጎረቤቴን በር አንኳኩታ ሊቀ ነፋስን ይዛ ገባች።

"ጣሪያው አንድ ስንዝር" አሉ። "ወለሉ አራት ጣት።" መስኮቱን አሽትተው ራሳቸውን ነቀነቁ። መለያያው ግድግዳ ጋ ሲደርሱ ግን ጉንጫቸውን አልለጠፉም።

"ይሄኛውስ ጋሼ?" አለች ልጄ።

"ይሄኛው ምንም አያስፈልገውም።"

"ምንም? ከሁሉ የሚሳሳው እሱ አይደል እንዴ?" እጇን አሳረፈችበትና ወዲያው ሰበሰበችው። "እማዬ! ይሞቃል!"

ፈራሁ፤ ደስም አለኝ። ቢያንስ አልጃጀሁም። እኔም እጄን ጨመርኩ። ሙቀቱ ነፍሱ እንደምትወጣ ገላ ከመዳፋችን ሥር ቀስ በቀስ እየሸሸ ሄደ። ልጄ ክንዴን ጨምድዳ ያዘችው።

"ከወዲያ በኩል ማን አለ?"

"አሁን ማንም የለም" አሉ ሊቀ ነፋስ በቀስታ።

ፊታቸውን ሲያዞሩ ኮታቸውን ከኋላ አየሁት። መሐል ጀርባው ትራስ በሚያህል ነጭ ኖራ ተለቅልቋል። በእሳቸው በኩል ግድግዳው ኖራ ቅብ ነው።

"እትዬ" አሉኝ፣ ወለል ወለሉን እያዩ። "ስፖንጅ የሚከለክለው ብርድ ብቻ አይደለም። ድምፅም ይከለክላል። ዓይኔ ደግሞ ፊደል መለየት ከተወ ቆየ።"

ልጄ እሳቸውንም እኔንም አየች። "እና ምን ይሻላል እማዬ? ይደፈን ወይስ እኔ ጋ ትሄጃለሽ?"

"ሌላው ሁሉ ይደፈን" አልኳት። "ይሄ ግን እንዳይነካ። እኔም ከዚህ ንቅንቅ አልልም።" በዕድሜዬ እንደዚያ ጮክ ብዬ የተናገርኩ አይመስለኝም።

ሠራተኞቹ ጣሪያውን፣ ወለሉንና ሌሎቹን ግድግዳዎች ደፍነው ሄዱ። እኔም ወንበሬን አዙሬ፣ ጀርባዬን ለዚያ ግድግዳ ሰጥቼ አነባለሁ። ሙቀቱ ለወገቤ ጥሩ ነው፤ ሌላ ምክንያት የለኝም። ትናንት አንድ ከባድ ቃል አደናቀፈኝና እንደ ነገሩ ብዬ ላልፈው ስል፣ ከኋላዬ፣ ጆሮዬ ሥር ያለ በሚመስል ድምፅ፣ አንድ ሰው ቃሉን አስተካክሎ ጠራው። እንኳን ልደነግጥ፣ "እሺ ጋሼ" ብዬ ደግሜ አነበብኩላቸው።