የኮሶዬ መንታዎች

ደስ የሚል ሙያ ማለት በአንድ ቃል ተነግሮ የሚያልቅ ሙያ ነው። «አናጢ ነኝ» ያለ ሰው ሁለተኛ ጥያቄ አይጠየቅም፤ ቢጠየቅም «በር ሥራልኝ» ለመባል ነው። እስቲ እናንተ «ሰው እቆጥራለሁ» ብላችሁ ሞክሩት! ሰሚው መጀመሪያ ፈገግ ይላል፣ ቀጥሎ እየቀለዳችሁበት እንዳይሆን ፊታችሁን ያጠናል፣ በመጨረሻም «ቆጥራችሁስ?» ይላል። ይህችን «ቆጥራችሁስ?» የምትባል ጥያቄ የሥራ ዘመኔን ሙሉ ስመልሳት ኖሬ ጡረታ ወጣሁ። እሷ ግን እስካሁን ሥራ ላይ ናት።

አባቴ ጎንደር ከተማ በአንድ ደብር የሚያገለግሉ መሪጌታ ነበሩ። መንግሥት ሕዝብ ቆጣሪ አድርጎ እንደቀጠረኝ ስነግራቸው «ዳዊትም ቆጥሮ ነበር» አሉኝ። ሌላ ቃል አልጨመሩም። ንጉሥ ዳዊት ሕዝቡን ባስቆጠረ ጊዜ አገሩን ቸነፈር እንደመታው፣ የመሪጌታ ልጅ ሆኜ አላውቅም ማለት አልችልም። «እኔ እኮ ቆጣሪ እንጂ አስቆጣሪ አይደለሁም» ብዬ ጣጣውን ወደ ላይ ገፋ አደረግሁት።

ጊዜው ጣሊያን ከወጣ በኋላ አገር የተረጋጋበት፣ በጃንሆይ መሥሪያ ቤቶች ሁሉ «ጥናት» የሚባል ነገር የገባበት ነበር። ድልድይ ሳይሠራ ጥናት፣ ጉድጓድ ሳይቆፈር ጥናት፣ አንዳንዴም ጥናቱ ራሱ ሳይጀመር ሌላ ጥናት። የእኛው ግን፣ እንደ ዓላማው ከሆነ፣ ጥሩ ነበር፤ ሕፃናት በብዛት የሚሞቱበትን አካባቢ ለይቶ እዚያ ክሊኒክ መክፈት። ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ አንድ ክሊኒክ ብቻ ይከፈታል ተባለ፤ ወይ አምባ ጊዮርጊስ፣ ወይ ኮሶዬ። እኔ የደረሰኝ ኮሶዬ ነው።

ብርዱ እስክሪብቶ ያስጥላል። ይመኙሻል የምትባል ሴት ደጃፏ ላይ ገብስ ስታሰጣ አገኘኋት። ቀሚሷን ይዞ የቆመው ሕፃን አንድ ጆሮው ብቻ ተበስቷል፤ ስሙን ስጠይቅ «አመዱ» ተባልኩ። ስንት እንደሞተባት መጠየቅ ከብዶኝ ስንተባተብ እሷው አገዘችኝ።

«ምነው ጌታው፣ የሞቱትንማ መጥራት ምን ያስፈራኛል? ሞት ያውቃቸው የለ!»

ጣቶቿን እያጠፈች ስማቸውን አንድ በአንድ ነገረችኝ፤ አንዱን እጅ ጨርሳ ወደ ሌላው ተሻገረች። እውነቱን ልንገራችሁ፣ አንጀቴን በላችው። እየጻፍኩ ነው ግን አንጀቴን የበላችው፤ የሙያው ክፋት ይህ ነው። በሕይወት ያለ ልጅ እንዳላት ስጠይቅ «የለኝም» አለች። «ይሄስ?» ብዬ ወደ አመዱ ባመለክት፣ «እሱማ የጎረቤቴ የወለላ ነው። እኔ ሞግዚቱ ነኝ» አለችኝ።

እኔ እንግዲህ የአገሩ ሰው ነኝ፤ ነገሩ ወዲያው ገባኝ። ልጅ አልበረክት ያላት እናት አዲስ የወለደችውን ለጎረቤቷ በእፍኝ ገብስ ትሸጠዋለች። ከዚያ ወዲያ «ልጄ» ብላ አትጠራውም። ሞት እንዲንቀው ስሙን ዝቅ ታደርገዋለች፣ ጆሮውን ትበሳዋለች። ልጁ የሚያድገው እዚያው በወላጅ እናቱ ጉያ ነው፤ ሞት ግን ሊወስደው ሲመጣ ቤቱ ይጠፋበታል። ይመኙሻል አንድ ጊዜ «የኔ ነው» ካለች፣ በራሷ አፍ ቤቱን ጠቆመች ማለት ነው።

ድምፄን ዝቅ አድርጌ «ለወረቀቱ ብቻ ንገሪው» አልኳት።

«ወረቀቱ የሚነበብ አይደለም?» አለች።

«ልጅ የላትም» ብዬ ጻፍኩ። ወለላ ዘንድ ስሄድ ደግሞ ዓይኗን ሳታሽ የራሷንም ልጅ አመዱንም ጠርታ ሁለቱም የኔ ናቸው አለች፤ አንዱን ለጥምቀት፣ ሌላውን በዚያው ዓመት ለፋሲካ ወልጃለሁ ብላ። እንዲህ ያለች ባለ ተአምር ወላድ በየመንደሩ አጋጠመችኝ።

ጎንደር ስመለስ፣ ውጭ አገር ተምሮ ከአዲስ አበባ የተላከው አለቃዬ ወረቀቱን አገላበጠ። ስለ ልጅ ሽያጩ አስረዳሁት። ለዚህ የሚሆን ቦታ በመጠይቁ ላይ የለም አለኝ። የሞቱትን ሕፃናት ብዛት እንዲያይልኝ ባሳየው «ሞትማ የት የለም? አምባ ጊዮርጊስም ይሞታል» ብሎ ገጹን ገለጠ። ወለላ ላይ ሲደርስ ግን ቆመ። ጥምቀትና ፋሲካ! ጥቂት አሰበና «ገበሬ ወር ያምታታል፤ መንታ ናቸው» ብሎ በቀይ እርሳስ አረመው። በየመንደሩ ያሉትንም እንዲሁ እያጣመረ አረማቸው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ መንታዎቹ በዚያው አዲስ አበባ ገቡ።

እዚያም ትልልቆቹ ሰዎች ተደነቁ። አንዱ የደጋው አየር ነው አለ፣ ሌላው ገብሱ ነው አለ። በመጨረሻም «በኮሶዬ መንታ የሚወልዱ እናቶች እጅግ ስለበዙ» ክሊኒኩ ኮሶዬ እንዲከፈት ተወሰነ። ሞት ብርቅ አልነበረም፤ መንታ ግን ብርቅ ነው። እኔም አላስተባበልኩም፤ እናንተ ብትሆኑ ታስተባብሉ ነበር?

ክሊኒኩ ሲከፈት በመሥሪያ ቤቱ ማኪና ተሳፍሬ ሄድኩ። ይመኙሻል አመዱን አዝላ ተሰልፋለች። ሳል ጠንቶበት ትንፋሹ ይቆራረጣል፤ ስታየኝ ፈገግ ልትል ሞክራ አቃታት። ድሬሰሩ፣ የክሊኒኩ የሕክምና ረዳት፣ ደረቱን አዳመጠና መርፌ እንደሚያስፈልገው ተናገረ። ቀጥሎም «እናቱ ሳትፈቅድ አልወጋም፤ እናቱ ማን ናት?» ብሎ ጠየቀ።

ይመኙሻል ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ። ዞራም ወለላን በሰልፉ ውስጥ በዓይኗ ፈለገች።

«እኔ ነኝ፤ ውጋው!» አለች ወለላ ከኋላ ተንጠራርታ።

ይመኙሻል ልጁን ጭኗ ላይ አስተኝታ ያዘችው። መርፌው ሲገባ አመዱ «እማዬ!» ብሎ ጮኸና አንገቷ ላይ ተጠመጠመ። እሷም እንባዋ ፀጉሩ ላይ እየወረደ፣ እጆቹን ከአንገቷ ቀስ አድርጋ አላቀቀች። ከዚያም ወደ ወለላ እያመለከተች፣ ደጅ የቆመ ሁሉ እንዲሰማት ድምፅዋን ከፍ አደረገች።

«ምነው እኔን ትጠራኛለህ? እናትህ ያችትና!»