የማን ደፍሮ ቁንጫ

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይላሉ አበው። አንድ ነገር ግን ሳይነግሩን የቀሩ ይመስለኛል፤ ሰው ሁለት ነገር አንድ ላይ ሲፈራ ቀድሞ የሚደርሰው የትኛው ነው? ለፍልስፍና ብዬ አይደለም የምጠይቀው። እኔ በዚህ ዐቢይ ጾም ሌባም እፈራ ነበር፣ ቁንጫም እፈራ ነበር።

ሌባውን የፈራሁት በበጉ ምክንያት ነው። ባለቤቴ ትርንጎና እኔ መምህራን ነን፤ ደብረ ማርቆስ ውስጥ እትዬ ጥሩወርቅ ግቢ ተከራይተን እንኖራለን። ከእትዬ ጋር ተዋጥተን ከደምበጫ ገበያ ያመጣነው የፋሲካ በግ ግቢው ውስጥ ታስሯል። የትርንጎ እናት ደግሞ ከሉማሜ መጥተው ፋሲካን ከእኛ ጋር ሊውሉ ነው። በፋሲካ ቀን አማት ፊት ሽሮ ይዞ መቅረብ ምን ማለት እንደሆነ ያገባ ሁሉ ያውቀዋል። ሰፈሩ ውስጥ ደግሞ በግ መጥፋት ጀምሯል። ቅጠል ኮሽ ባለ ቁጥር ልቤ ትራሴ ላይ ይወድቃል።

ጠባቂያችን የእትዬ ውሻ ነው፤ ማን ደፍሮ ይባላል። በእኛ አገር የውሻ ስም ለጎረቤት የሚላክ መልእክት ነውና ጎረቤት ሰምቶ አርፏል። ማን ደፍሮ ሌሊቱን ሙሉ ሰንሰለቱን ሲያንቋቋ ያድራል። እትዬም «እንደ መነኩሴ ዓይኑን ሳይከድን የሚያድር ውሻ ነው» እያሉ ያሞግሱታል። እኛም አንተኛም፤ ቁንጫው እሱ ከሚተኛበት ጆንያ ተነሥቶ ወደ እኛ አልጋ ተሻግሯል። ማንን ደፍሮ አትሉም? በመጨረሻ ትርንጎ ፈረደች፤ ወይ ቁንጫው ይወጣል፣ ወይ እሷ እናቷ ዘንድ ትሄዳለች።

ከሱቅ የቁንጫ ማጥፊያ ዱቄት ልግዛ ብል እትዬ ደነገጡ። የጎረቤት ድመት እሱ ተነስንሶባት ገላዋን ስትልስ ሞታለችና፣ ግራዋ በጓሮ ሞልቶ እሳቸው ቤት መርዝ አይገባም አሉ። ስልኬን ባማክር ነጭ ሽንኩርት አብላው አለኝ። የማውቀው የእንስሳት ሐኪም ግን ሽንኩርት የውሻ ደም ያበላሻል ሲለኝ፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ ስልኬንም ፈራሁ። የቀረው ግራዋው ነው።

ግራዋውን ወቅጠን፣ አፍልተን፣ አቀዘቀዝን። ታዲያ ማን ይጠበው? እትዬ ጭንቅላቱን ሊይዙ፣ እኔ የቀረውን ላጥብ ተስማማን። ጭንቅላቱ እሳቸው ዘንድ ቢሆንም ጥርሱ የሚያየው ወደ እኔ ነበር። ቡትስ አጠለቅሁ፣ ክንዴን በጋቢ ጠቀለልሁ፣ የማውቀውን ጸሎት ሁሉ ደገምሁ። እትዬ «አይ መምህር! ውሻው እኮ ከአንተ የበለጠ ፈርቷል፤ በል እሸው» ሲሉኝ፣ እኔ ግን የፈራ ውሻ ነው የሚነክሰው ብዬ ጋቢውን አንድ ዙር ጨመርሁበት። ማን ደፍሮ አንድ ጊዜ አጉረመረመ፤ እኔ ሁለት ጊዜ ጮህሁ። የግራዋው አረፋ ጠጉሩ ውስጥ ገብቶ ሆዱን ሳሸው ግን ዓይኑን ጨፍኖ ቃተተ። ከዚያ አሮጌውን ጆንያ አቃጠልን፣ ደረቅ የግራዋ ቅጠል አነጠፍንለት፣ ቤታችንን ጥግ ለጥግ ጠረግን፣ ብርድ ልብሱን ሁሉ ፀሐይ ላይ አዋልነው። እጥበቱንና ጠረጋውን ደጋግመን ሠራን። ቁንጫው እየሳሳ ሄዶ አንድ ቀን ጠፋ።

ያን ምሽት እንቅልፍ እንደ ዝናብ ወረደብን። ትርንጎ ተኛች። እትዬ ተኙ። እኔ፣ ያ ፈሪው፣ ሌባውን እንኳ ሳላስበው ተኛሁ።

ጠዋት የነቃነው በእትዬ ጩኸት ነው። በጉ የለም፤ ገመዱ ተቆርጧል። ማን ደፍሮስ? በግራዋ ፍራሹ ላይ አራት እግሩን ዘርግቶ ያንኮራፋል። እትዬ ቆመው ሲያዩት፣ ሲያዩት ቆዩና እንባቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ።

«ለካ ይህ ሁሉ ዘመን» አሉ፣ «ሲያክ ነው ያደረ!»

አፈርሁ፤ ከሁሉ በላይ ግን ፈራሁ። የእትዬ ወንድም ከገጠር ሌላ በግ ላከልን፣ አማቴም ሊመጡ ነው። ይህን በግ ማን ይጠብቀዋል? ቅጠል ኮሽ ሲል ብድግ እላለሁ፤ ማን ደፍሮ ሲያንኮራፋ ስሰማ እንደገና እበረግጋለሁ። ትርንጎ ቁንጫው በነበረ ጊዜ ይሻለን ነበር አለች፤ እናቷ ዘንድ ልትሄድ የነበረችው ትርንጎ!

እትዬ ግን ወሬ አላበዙም። ማን ደፍሮን ፈትተው ወደ ታችኛው ጎረቤት ወሰዱት፤ እዚያ ቆዳው ተገጣጥቦ ቀኑን ሙሉ ሲያክ የሚውል ሽማግሌ ውሻ አለ። ሁለቱን አንድ ጆንያ ላይ ሲያስተኟቸው ዋሉና ማታ ማን ደፍሮን መልሰው በጉ አጠገብ አሰሩት።

ዛሬ ጎህ ሳይቀድ ሰንሰለት ሲንቋቋ ሰማሁ። ወጥቼ ባይ በጉ ቆሞ ያመሰኳል፣ ማን ደፍሮም ተቀምጦ ጆሮውን በኋላ እግሩ ያካል።

እግዚአብሔር ይመስገን አልሁ፤ ክንዴን እያከክሁ።