ጳጉሜ ወር ናት ወይ?

ትናንት ጠዋት ፍርድ ቤቱ ኮሪደር ውስጥ ተራችንን ስንጠብቅ፣ አግዳሚው ላይ እንቅልፍ ሸለብ አደረገኝና ሕልም አየሁ።

ጉዳያችን ይሄ ነው። የታችኛው ፍርድ ቤት እናቴ የምትኖርበትን ቤት ለአጎቴ ልጅ ለሸዋንግዛው ፈረደለት። ፍርዱ የተሰጠው ሐምሌ ሠላሳ ነው፤ እኔ ይግባኝ ያልኩት መስከረም ሁለት። የቤት ደንቡ ይግባኝ "በሁለት ወር ውስጥ" ይቅረብ ይላል። ሸዋንግዛው ነሐሴን አንድ፣ ጳጉሜን ሁለት ብሎ ቆጠረና "ጊዜው አልፎበታል" ብሎ ተቃወመ። እናቴ ሰማንያ አንድ ዓመቷ ነው። ሌላ የምትገባበት የላትም።

በሕልሜ ደጁ ላይ የተሰለፉት ዳኞች ነበሩ። ካባቸውን እንደለበሱ ማመልከቻ ይዘው ባለጉዳዮችን ይለማመጣሉ። አንዱ ክንዴን ያዘኝ።

"ጌታዬ፣ ለዛሬ ብቻ ያነጋግሩኝ።"

"ነገ ተመለስ" አልኩት። ደስ አለኝ፣ አልዋሽም።

ችሎት የተሰየሙት የሕግ አንቀጾች ነበሩ። ሰብሳቢው የይግባኝ ጊዜ የሚወስነው አንቀጽ ዘጠኝ ነው፤ ከታተመ ጀምሮ ፀሐይ ያልነካው ቀጭን ሽማግሌ። የእኛ ጉዳይ ዳኛ ደግሞ እጁን ወደ ኋላ አድርጎ ከፊታቸው ቆሟል።

"ይህ ዳኛ ግልጽ ነው ወይስ ትርጉም ያስፈልገዋል?" ሲል ሰብሳቢው ጠየቀ።

በግራ የተቀመጠው አንቀጽ ዳኛውን አዙሮ አየው። "ፊቱ ግልጽ ነው። ሆዱ ግን አሻሚ ነው።"

"እንግዲያው ያወጣው አካል ምን አስቦ እንደነበር ይጣራ።"

የዳኛው እናት ተጠርተው ገቡ።

"እመቤት፣ ሲወልዱት ሐሳብዎ ምን ነበር?"

"ሐኪም ይሆናል ብዬ ነበር" አሉ። ቃላቸው ተመዘገበ። ዳኛው አቀረቀረ።

ቀጥሎ ጳጉሜ ለምስክርነት ተጠራች። ዝናብ የደበደባት አጭር ሴት ናት። አሥራ ሁለቱ ወንድሞቿ ደጅ ቀሩ።

"ወር ነሽ?" አላት አንቀጽ ዘጠኝ።

"ደመወዝ ሲከፈል አይደለሽም ይሉኛል። የሰው ቀን ማቃጠል ሲፈልጉ ሙሉ ወር ነሽ ይሉኛል። አንተስ ስትጻፍ አስበኸኝ ነበር?"

ሽማግሌው መነጽሩን አውልቆ ጠረገ። "እውነቱን ልንገርሽ፣ ትዝም አላልሽኝ።"

ሦስቱ አንቀጾች ተጠጋግተው ተንሾካሾኩ። ዳኛው፣ እናቱ፣ ጳጉሜም ሳይቀሩ እኔን አዩኝ። አንቀጽ ዘጠኝ ተነሣና ጉሮሮውን ጠረገ።

"ስለዚህ ቤቱ..."

እናቴ በክርኗ ጎሰመችኝ።

የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ይዛ ከፊታችን ቆማለች። "ዳኛው ስልጠና ላይ ናቸው" አለች። "ጳጉሜ ወር መሆን አለመሆኗ ጥልቅ ምርመራ ስለሚያስፈልገው፣ ቀጠሮው ለጳጉሜ ስድስት ተዛውሯል። እስከዚያ ቀን ፍርዱ ታግዷል፤ እማማን ማንም ከቤታቸው አያስወጣም።"

ገና ጥቅምት ነው። ዘመኑ ደግሞ ዮሐንስ ነው፤ የዘንድሮዋ ጳጉሜ አምስት ቀን ብቻ ናት። ስድስተኛዋ ቀን የምትመጣው በሉቃስ ነው፣ አራት ዓመት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው። ልጅቷ የአምናውን ካላንደር ሳታይ አልቀረችም።

"እህቴ፣ ይህች ቀን እኮ..." ብዬ ጀመርኩ።

እናቴ እጅጌዬን ይዛ ወደ ታች ሳበችኝ።

"ዝም በል፣ ልጄ" አለችኝ። "እስከዚያ ይበቃኛል።"