ከሊኑክስ ጋር የሚግባባ ሞደም ስለመግዛት

ቀን፦ ኅዳር 12፣ 9፡00 ሰዓት ተብሎ 9፡40 ተጀመረ
ቦታ፦ የመጽሐፍ ጠራዦች ማኅበር፣ ሙጫ ክፍል

የተገኙ፦
ሊቀ መንበሩ ጋሼ መቀስ፣ ወረቀት ቆራጭ
እትዬ መርፌ፣ ጥራዝ ሰፊ
ቴክኒሻኑ፣ የሊቀ መንበሩ የእህት ልጅ
ጸሐፊዋ (እኔ)

ዘበኛው በር ላይ ቆሞ ስለሰማ በግማሽ ተቆጥሯል። ከስድስት አባላት አራት ተኩሉ ስለተገኙ ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቷል።

1. የስብሰባው ምክንያት
የኢንተርኔት መስመር ዛሬ ጠዋት ቢገባም ሞደም የለም። ጸሐፊዋ ነገ ጠዋት 3፡00 ሰዓት በኢንተርኔት የምትወስደው የመጨረሻ ፈተና እንዳለባት፣ ካመለጣት ዓመት እንደምትጠብቅ ገልጻ፣ ይኸው በቃለ ጉባኤ እንዲያዝ ጠይቃ፣ ራሷው ይዛዋለች።

2. የሞደም ምርጫ
ቴክኒሻኑ ኮምፒውተራችን በዊንዶውስ ሳይሆን በሊኑክስ እንደሚሠራ አስታውሶ፣ ዩኤስቢ ላይ የሚሰካው ሞደም የሚፈልገው ፕሮግራም ሊኑክስን እንደማያውቀው፣ በኔትወርክ ገመድ የሚገናኘው ግን ከማንም ጋር እንደሚግባባ አስረዳ። ሊቀ መንበሩ «ካልተዋወቁ እናስተዋውቃቸዋለና» ብለው ንዑስ ኮሚቴ እንዲቋቋም ሐሳብ አቀረቡ። ቴክኒሻኑ «ጋሼ፣ ሰዎች አይደሉም እኮ» በማለቱ ማን እንዳሳደገው ተነገረው።

እትዬ መርፌ ዩኤስቢ ላይ ከሚሰኩት ባለ ሁለት አንቴናው፣ በእሳቸው አባባል ባለ ሁለት ቀንዱ፣ ይገዛ፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ይሠራል አሉ። ሊቀ መንበሩ የሚገዛው በሬ አለመሆኑን ገለጹ። እትዬ መርፌ አምና በሊቀ መንበሩ ምርጫ የተገዛውን መቁረጫ ማን እየተጠቀመበት እንደሆነ በመጠየቃቸው የአሥር ደቂቃ ዕረፍት ተወሰደ።

ከረጅም ውይይት በኋላ ዩኤስቢ ላይ የሚሰካው ባለ ሁለት ቀንድ ሞደም እንዲገዛ በሁለት ተኩል ለሁለት ድምፅ ተወሰነ። ወሳኙ የዘበኛው ግማሽ ነበር። ጸሐፊዋ ፈተናዋ ነገ 3፡00 ሰዓት መሆኑን በድጋሚ መዝግባለች።

3. ልዩ ልዩ
ሊፈረም ሲል ቴክኒሻኑ ወረቀቱ ላይ የተጫነውን ጥቁር ሳጥን አንሥቶ «ይሄ ከየት መጣ?» አለ። ጸሐፊዋ የንብረት መዝገቡን ስታገላብጥ ከሁለት ዓመት በፊት «የወረቀት መጫኛ፣ ጥቁር፣ አንድ» ተብሎ ተመዝግቦ አገኘችው። ጽሕፈቱም የራሷ ነው። በማኅበራችን ከበድ ያለ ዕቃ ሁሉ ወረቀት ላይ ይጫናል። ሳጥኑ ባለ ገመድ ሞደም ሆኖ ተገኘ፤ ሲሰካም ሊኑክስ አንዳች ሳይጠይቅ ተቀበለው። እትዬ መርፌ ቀንድ እንደሌለው ቅሬታቸውን አስመዝግበዋል።

4. ውሳኔ
በተራ ቁጥር 2 የተወሰነው ሁሉ ተሽሯል፤ ግማሹ ድምፅም ለባለቤቱ ተመልሷል። ወረቀቱ በጡብ እንዲጫን፣ ነገ ከ3፡00 እስከ 5፡00 ሰዓት ሞደሙ አጠገብ ማንም ዝር እንዳይል በሙሉ ድምፅ ተወስኗል።

እትዬ መርፌ የጸሐፊዋን ግንባር ስመው «በይ ብዕርሽን ጣይና ሂጂ አጥኚ» ስላሉ ስብሰባው 11፡20 ላይ ተዘግቷል።