ሦስት ኪሎ ተኩል

(ባኒ ከተማ፣ አንድ ክሊኒክ ውስጥ። በደም ሥር መድኃኒት የሚንጠባጠብላቸው ሕመምተኞች የሚቀመጡባቸው ስድስት ተዘርጊ ወንበሮች፤ በሩ አጠገብ አንድ ሚዛን። ዶኛ፣ ማለትም ወይዘሮ፣ ኔርሲዳ ለቁርጥማቷ አሥራ አንድ ጊዜ እዚህ ተዘርግታለች፤ የዛሬው አሥራ ሁለተኛዋ ነው። ስለዚህ «ከሐኪሙ ቀጥሎ የማውቀው እኔ ነኝ» ትላለች። «ቀጥሎ» የምትለውም ለትሕትና ነው። አጠገቧ ያለው ፕሪሚቲቮ በሞተር ብስክሌት ሰው የሚያመላልስ ግዙፍ ሰው ነው፤ መድኃኒቱን ዛሬ መጀመሩ ነው። አሁን ተመዝኖ ተመለሰ፤ ጫማውን በእጁ ይዟል።)

ኔርሲዳ፦ ጫማህን ምን አስወለቀህ?

ፕሪሚቲቮ፦ አውልቅ ተባልኩ።

ኔርሲዳ፦ አውልቅ የተባልከውን ሁሉ ታወልቃለህ?

ፕሪሚቲቮ፦ ሱሪውን አላሉኝም።

ኔርሲዳ፦ ስማ ልጄ። ይህ መድኃኒት የሚቀመመው በኪሎ ነው። ሰው በከበደ ቁጥር መድኃኒቱ ይበዛለታል። አንተ ያን የሚያህል ቦት ጫማ አውልቀህ ቢያንስ የሁለት ቀን መድኃኒት መሬት ላይ ጥለህ መጣህ።

ፕሪሚቲቮ፦ (ጫማውን ገልብጦ እያየ) ጫማዬ ግን ቁርጥማት የለበትም።

ኔርሲዳ፦ እሱ የለበትም፤ አንተ አለብህ።

ፕሪሚቲቮ፦ ታዲያ ለጫማዬ የሚቀመመውን ማን ይወስደዋል?

ኔርሲዳ፦ አንተ ነሃ።

ፕሪሚቲቮ፦ የኔንም የሱንም?

ኔርሲዳ፦ ያንተንም የሱንም።

ፕሪሚቲቮ፦ ይበዛብኛል።

ኔርሲዳ፦ (ለራሷ) እግዜር ቁመቱን ሲሰጠው ሌላውን ረስቶታል። (ጠጋ ብላ) ና ቅረብ፤ አንድ ነገር ላስተምርህ። ቀሚሴን አየኸው?

ፕሪሚቲቮ፦ ያምራል።

ኔርሲዳ፦ ያምራል ወይ አላልኩህም። ከሥሩ ወገቤን ዙሪያውን ሰባት ከረጢት ታጥቄያለሁ። እያንዳንዱ ግማሽ ኪሎ ቀይ ቦሎቄ።

ፕሪሚቲቮ፦ (አስቦ) ምሳ ይዘው ነው የመጡት?

ኔርሲዳ፦ ክብደት ነው የያዝኩት። ብረት ይንቃጨላል፣ ድንጋይ ያቆስላል። ቦሎቄ ግን ገላ መስሎ ይቀመጣል። ሌሊቱን ሙሉ ነው ያሰብኩበት።

ፕሪሚቲቮ፦ ለምን ግን?

ኔርሲዳ፦ ለምን ማለት ጥሩ ነው። መድኃኒቱ ስምንት ሳምንት ይቆያል ይባላል እንጂ እኔ ጋ የሚቆየው ስድስት ነው። ስድስተኛው ሲያልቅ እንደ ክፉ እንግዳ ሳይሰናበት ይሄዳል። በማግስቱ ጣቶቼ አይታጠፉም። ዘንድሮ ደግሞ በሰባተኛው ሳምንት ስቅለት ነው።

ፕሪሚቲቮ፦ ስቅለት ለት ይጸልያሉ።

ኔርሲዳ፦ ስቅለት ለት አማስላለሁ። በኛ ሰፈር የስቅለት ጣፋጭ ቦሎቄ ማለት የኔርሲዳ ድስት ማለት ነው፤ ሃያ ስድስት ዓመት። የኮኮናት ወተቱ ከገባ በኋላ እጅህን ካነሳህ ያርራል። አምና አንጓዬ አበጠና ማማሰያውን የባሌ እህት ዳማሪስ ተቀበለችኝ።

ፕሪሚቲቮ፦ አሳረረችው?

ኔርሲዳ፦ ብታሳርረውማ ምን ነበረበት። ሰፈሩ ሁሉ ሳህኑን ላሰ። እኔ ፊት። (ድምጿ ዝቅ ይላል) ዘንድሮም ድስቱ ከእጄ ከወጣ አይመለስም። ሰው ይለምዳል። ከአንጓዬ ይልቅ የሚያመኝ እሱ ነው።

ፕሪሚቲቮ፦ ይህን ለሐኪሙ ነግረውታል?

ኔርሲዳ፦ አብደሃል እንዴ? በስድስተኛው ሳምንት ይለቀኛል ብዬ ልንገረው? «እንግዲያው አልሠራላትም» ብሎ ቢያስቆመኝስ? እኔ በየሁለት ወሩ «እንዴት ነዎት» ሲለኝ «እንደ አሥራ አምስት ዓመት ልጃገረድ» እለዋለሁ።

ፕሪሚቲቮ፦ (በጣቱ እየቆጠረ) ለሐኪሙ ደህና ነኝ ይሉታል። ለሚዛኑ ወፈርኩ ይሉታል። ታመምኩ የሚሉት ለማን ነው?

ኔርሲዳ፦ ላንተ። አንተም ለማንም እንዳትናገር።

(ነርስ ጆሴሊን ወረቀት ይዛ ትመጣለች። ኔርሲዳ እንደ ደረሰች እርጉዝ ወገቧን ይዛ ትነሳለች። ጫማዋን ሳትጠየቅ ታወልቃለች፤ ዛሬ ለጫማ አትከራከርም። ሚዛኑ ላይ ትወጣለች።)

ጆሴሊን፦ (ሚዛኑን አይታ፣ ወረቀቷን አይታ፣ እንደገና ሚዛኑን አይታ) ሦስት ኪሎ ተኩል ጨምረዋል።

ኔርሲዳ፦ ተመስገን። ተስማምቶኛል።

ጆሴሊን፦ በሁለት ወር?

ኔርሲዳ፦ መብላት እወዳለሁ።

ጆሴሊን፦ ፊትዎ ግን አልወፈረም። እስቲ እግርዎን ልየው። ማታ ሲተኙ ትንፋሽ ያጥርዎታል?

(ኔርሲዳ ታስባለች። ሕመም በበዛ ቁጥር መድኃኒት ይበዛል፤ ሒሳቡ እንዲያ መሆን አለበት።)

ኔርሲዳ፦ ትንሽ ትንሽ ያጥረኛል።

ጆሴሊን፦ በስንት ትራስ ነው የሚተኙት?

ኔርሲዳ፦ ስንት ቢሆን ይሻላል?

ጆሴሊን፦ እርስዎ ይንገሩኝ።

ኔርሲዳ፦ ሦስት። (የነርሷን ፊት አይታ) አራት ይሁን።

ጆሴሊን፦ (የመድኃኒቱን ማንጠልጠያ ወደ ጥግ እየገፋች) ዶኛ ኔርሲዳ፣ ይህ ስብ አይደለም፤ ውሃ ይመስለኛል። ልብ ሲደክም ሰውነት ውሃ ይይዛል። እንዲያ ከሆነ ይህን መድኃኒት ልሰጥዎት አልችልም። መጀመሪያ የልብ ሐኪም ይይዎት።

ኔርሲዳ፦ ዛሬ?

ጆሴሊን፦ ቀጠሮ የሚገኘው ከፋሲካ በኋላ ነው።

(ለኔርሲዳ ወዲያው ዳማሪስ ታየቻት፤ ሽርጥ ታጥቃ፣ ማማሰያ ይዛ፣ ጎረቤት ከብቧት።)

ኔርሲዳ፦ ልቤ ደህና ነው።

ጆሴሊን፦ ትንፋሽ ያጥረኛል አሉኝ እኮ።

ኔርሲዳ፦ አሁን ተወኝ።

ጆሴሊን፦ አራቱ ትራስስ?

ኔርሲዳ፦ ለጌጥ ነው።

ጆሴሊን፦ በውሃ አልቀልድም፣ ዶኛ።

ፕሪሚቲቮ፦ (ከወንበሩ፣ ሊረዳ ፈልጎ) ውሃ አይደለም።

ጆሴሊን፦ እርስዎ ደግሞ ሐኪም ነዎት?

ፕሪሚቲቮ፦ አይደለሁም። ግን ደረቅ ነው። ገና አልተዘፈዘፈም።

ጆሴሊን፦ ምኑ?

(ፕሪሚቲቮ እንዳይናገር መባሉ ትዝ ይለውና አፉን በመዳፉ ይከድናል። ኔርሲዳ በዓይኗ ልትበላው ወገቧን አዙራ ትመለከተዋለች። ባትዞር ይሻላት ነበር። የአንዱ ከረጢት ስፌት ተተረተረ፤ ቀይ ቦሎቄ ከቀሚሷ ሥር እየወረደ በሚዛኑም በወለሉም ላይ ይንጣጣል። በየወንበሩ ያሉት ሕመምተኞች እግራቸውን ያነሳሉ።)

ጆሴሊን፦ (አንዷን ፍሬ ከወለሉ አንስታ) ውሃው ይህ ነው?

ኔርሲዳ፦ ይህ ግማሽ ኪሎው ነው። ስድስት ከረጢት ይቀራል።

(ከመጋረጃው ጀርባ ስድስቱ ከረጢቶች ይፈታሉ። ኔርሲዳ እንደገና ትመዘናለች።)

ጆሴሊን፦ ልክ እንዳለፈው ነዎት፤ አልጨመሩም፣ አልቀነሱም። ደግሞ መድኃኒቱ የሚመጣው በሙሉ ጠርሙስ ነው፤ በጥቂት ኪሎ ቁጥሩ አይለወጥም። ለእርስዎ አራት ጠርሙስ ነው፤ በቦሎቄም አራት፣ ያለ ቦሎቄም አራት። እንዲያው ለምን ለፉ?

(ኔርሲዳ ወለሉን ታያለች፤ ወለሉ ላይም ያለው ቦሎቄ ነው።)

ጆሴሊን፦ (ወደ ፕሪሚቲቮ) እርስዎ ያውቃሉ?

ፕሪሚቲቮ፦ እንዳልናገር ተብያለሁ።

ጆሴሊን፦ ምን እንዳይናገሩ?

ፕሪሚቲቮ፦ መድኃኒቱ በስድስተኛው ሳምንት እንደሚለቃቸው።

(ጆሴሊን ወንበር ስባ ኔርሲዳ ፊት ትቀመጣለች።)

ጆሴሊን፦ አሥራ አንድ ጊዜ ጠይቀንዎታል እኮ። አሥራ አንድ ጊዜ ሐኪሙ እየሳቀ «ደህና ናት» ብሎ ጽፏል። ቶሎ የሚለቃቸው ሰዎች እኮ ብዙ ናቸው፤ ቀጠሯቸውን ያቀርብላቸዋል።

ኔርሲዳ፦ አያስቆመኝም?

ጆሴሊን፦ የሚያስቆመው የማይሠራውን ነው። የእርስዎ ይሠራል፤ ቶሎ ያልቃል እንጂ። አሁን ይንገሩኝና ልደውልለት። በሰባተኛው ሳምንት እጅዎ እንዴት ነው?

(ኔርሲዳ «እንደ ልጃገረድ» ልትል አፏን ትከፍታለች። ትዘጋለች። እጆቿን ጭኗ ላይ ታያቸዋለች።)

ኔርሲዳ፦ ማማሰያ መያዝ አልችልም። የቀሚሴን ቁልፍ አልቆልፍም። ፀጉሬን የሚያበጥርልኝ ባሌ ነው። (አቀርቅራ) እሱም አይችልበትም። እኔ ደግሞ አፍሬ አልነግረውም።

(ጆሴሊን ትጽፋለች፤ ወጥታ ትደውላለች፤ ተመልሳ ትመጣለች።)

ጆሴሊን፦ ከዛሬ ጀምሮ በየስድስት ሳምንቱ። የሚቀጥለው ከስቅለት አንድ ሳምንት ቀደም ብሎ ነው። ቦሎቄውን ግን ቤትዎ ይተዉት።

(መርፌው ገብቶ መድኃኒቱ ለሁለቱም ይንጠባጠባል። ኔርሲዳ ጣሪያ ጣሪያውን ታያለች። ደስ ብሏታል፤ ተናዳለችም። ስድስት ሳምንት ቆጥራ፣ ሰባተኛውን ጨምራ፣ እንደገና ትቆጥራለች፤ ድስቱ እጇ ላይ ነው። ከብዙ ጊዜ በኋላ ወደ ጎን ትዞራለች።)

ኔርሲዳ፦ አንተ።

ፕሪሚቲቮ፦ አቤት ዶኛ።

ኔርሲዳ፦ እኔ አሥራ አንድ ጊዜ ተመላልሼ ያላገኘሁትን አንተ በአንድ ጠዋት አስገኘኸው። ከየት ተማርከው?

ፕሪሚቲቮ፦ ምኑን?

ኔርሲዳ፦ እነዚህን ሰዎች እንዴት እንደሚያናግሯቸው። አንድ ዘዴ አለህ፤ አትደብቀኝ። ጠዋት ነርሷ ያንተን ወረቀት ስትሞላልህ ምን አልካት?

ፕሪሚቲቮ፦ (ግንባሩን እያከከ) የት ያምዎታል አለችኝ።

ኔርሲዳ፦ እሺ፣ አንተስ?

ፕሪሚቲቮ፦ የሚያመኝን ቦታ አሳየኋት።